ስኳር ያለበት ሰው ቫት የማይከፍልባቸው ዕቃዎች፦ ዩኬ ለምትኖሩ

ዩኬ ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው ለሕመሙ ብሎ ከኪሱ አውጥቶ በሚገዛቸው ብዙ ዕቃዎች ላይ ቫት መክፈል የለበትም። ቆዳ ላይ ተለጥፎ ስኳርን የሚያነብ ሴንሰር፣ የደም ስኳር መለኪያ፣ ደም የሚነካበት የመለኪያው ስትሪፕ፣ የኢንሱሊን ማቀዝቀዣ ቦርሳ፦ እነዚህን ሁሉ ሙሉ ዋጋ ከፍለው የሚገዙ ብዙ ሐበሾች አውቃለሁ። ስነግራቸው የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ማንም አልነገረን?» ይላሉ። ማንም ጠርቶ አይነግራችሁም። ሐኪሙ ስለ ቫት አያወራም። ነርሷም አታወራም። ባለ ሱቁም ካልጠየቃችሁት ሙሉውን ያስከፍላችኋል።

እኔ ነገሩን የተማርኩት በልጄ ምክንያት ነው። ታይፕ 1 ስኳር አለበት። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ፎርሙን የምሞላለት እኔ ነኝ። አሁን ለጎረቤትም ለቤተ ክርስቲያን እናቶችም እሞላለሁ። እዚህ የጻፍኩት እነሱ ደጋግመው የሚጠይቁኝን ነው።

ከገቢ ግብር ጋር አታምታቱት

«ታክስ ይቀነሳል» ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት የዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ ነው። አሜሪካ ዘመድ ያለው ደግሞ እዚያ የሕክምና ወጪ ከገቢ ግብር ላይ ሲያስቀንሱ ሰምቷል። እዚህ አገር እንደዚያ አይሠራም። ታክሲ የምትነዱም ሆነ በግላችሁ የምትሠሩ፣ ሴልፍ አሰስመንት የሚባለውን የዓመቱን የገቢ ግብር ፎርም ስትሞሉ የስትሪፕና የሴንሰር ደረሰኝ ከነዳጁ ደረሰኝ ጋር አትደባልቁ። የግል ሕክምና ወጪ ከገቢ ላይ አይቀነስም።

በገቢ ግብር በኩል ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ግን አለ። ስኳሩ ዓይንን ጎድቶ ሰውየው ዓይነ ስውር ተብሎ ካውንስል ዘንድ ከተመዘገበ፣ ብላይንድ ፐርሰንስ አላውንስ የሚባል ተጨማሪ ከግብር ነፃ ገቢ ይሰጠዋል። ለ2025/26 የግብር ዓመት 3,130 ፓውንድ ነው። የራሱ ገቢ የማይበቃው ሰው ለባለቤቱ ማስተላለፍ ይችላል። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ለታክስ መሥሪያ ቤቱ ለኤችኤምአርሲ ደውላችሁ ጠይቁለት።

ቅናሹ ያለው ሱቁ ላይ ነው

የኛ ጉዳይ ቫት ነው። እዚህ አገር ምጣኔው 20 በመቶ ነው። በ1994 የወጣው የቫት ሕግ በሰንጠረዥ 8፣ ምድብ 12 ላይ፣ ለአካል ጉዳተኞችና ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የሚሆኑ የተወሰኑ ዕቃዎች በዜሮ ምጣኔ እንዲሸጡ ይላል። በተግባር ሻጩ ከእናንተ ቫት አይወስድም ማለት ነው። ስሙ ቫት ሪሊፍ ነው፤ የሻጮች ድረ ገጽ ላይም በዚሁ ስም ፈልጉት።

አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ። ገንዘቡን የሚተውላችሁ ሻጩ ነው። ኤችኤምአርሲ ቼክ አይልክላችሁም፤ ለገዢ በቀጥታ ቫት አይመልስም። እንግዲህ ጉዳዩ ማለቅ ያለበት ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ነው።

ስንት ይተርፋል? ብዙ ሰው 20 በመቶ ሲባል 60 ፓውንድ ከሚሸጥ ዕቃ ላይ 12 ፓውንድ ይቀነሳል ብሎ ይጠብቃል። እንደዚያ አይደለም። የምታዩት ዋጋ ቫቱ ከተጨመረበት በኋላ ያለው ነው። ዋጋውን ለስድስት አካፍሉት፤ የሚወጣው ቫቱ ነው። 60 ፓውንዱ ውስጥ ያለው ቫት 10 ፓውንድ ነው፤ እናንተ 50 ትከፍላላችሁ። አንዴ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በየ14 ቀኑ የሚቀየር ሴንሰር በዓመት 26 ያህል ጊዜ ይገዛል። በዚህ ምሳሌ ዋጋ በዓመት የሚተርፈው 260 ፓውንድ መሆኑ ነው። ልጆች ላለው ቤት ይህ የክረምት ጃኬትና ጫማ ነው።

ማን ነው የሚጠቀመው?

ስኳር አለበት የተባለ ሰው ሁሉ። ኤችኤምአርሲ ራሱ ሥር ለሰደደ ሕመም ምሳሌ ሲሰጥ የሚጠቅሰው ስኳርን ነው። ታይፕ 1ም ታይፕ 2ም ይገባሉ። ቤኔፊት መቀበል አያስፈልግም። ብሉ ባጅ የሚባለው የአካል ጉዳተኛ የመኪና ማቆሚያ ካርድ አያስፈልግም። ገቢያችሁን የሚጠይቅ የለም፤ ሥራ መሥራታችሁም አይከለክላችሁም። ከሐኪም ደብዳቤ ማምጣትም ግዴታ አይደለም። ዕድሜ ብቻውን ግን አይበቃም። «ፕሪ ዳያቢቲስ ነህ» የተባለ ሰውም ገና ስኳር አለበት ስላልተባለ ስኳር አለብኝ ብሎ መፈረም አይችልም።

ዕቃው ለግል ወይም ለቤት ውስጥ አገልግሎት መሆን አለበት። ለንግድ ከሆነ አይሆንም። ነርሲንግ ሆም ለነዋሪዎቹ የሚገዛውም በዚህ መንገድ አያልፍም።

የትኛው ዕቃ ይገባል?

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስኳር ስላለባችሁ የምትገዙት ሁሉ ከቫት ነፃ አይሆንም። ጥያቄው ዕቃው ሲሠራ ለማን ታስቦ ነው የተሠራው የሚል ነው። ለታማሚ ወይም ለአካል ጉዳተኛ ብቻ ታስቦ ከተሠራ ይገባል። ማንም ጤነኛ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ፣ እናንተ ለስኳራችሁ ብላችሁ ብትገዙትም፣ ቫቱን ትከፍላላችሁ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ወደ አገር ቤት ስንሄድ ኢንሱሊን የምንይዝበት ፍሪዮ የሚባል ቦርሳ አለ። ውስጡ ደረቅ ፍሬ ፍሬ ነገር ተሰፍቶበታል። ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ሲነከር ፍሬው ያብጥና ጄል ይሆናል። ከዚያ ውኃው ቀስ እያለ ሲተን ኢንሱሊኑ እንዳይሞቅ ይጠብቀዋል። በረዶ አይፈልግም፣ ፍሪጅ አይፈልግም፣ መብራት ቢጠፋም አያሳስብም። ሲደርቅ እንደገና መንከር ነው። ይህ ቦርሳ ለኢንሱሊን ተብሎ ስለተሠራ በቫት ሪሊፍ ይሸጣል። ለሽርሽር የሚያዘው የፕላስቲክ አይስ ቦክስ ግን ኢንሱሊን ብቻ ብታስቀምጡበትም ቫት አለው፤ ለስላሳም ውኃም ይቀመጥበታልና።

በዚሁ መለኪያ ሌላውን እዩት። ሴንሰሩ ይገባል፤ ሴንሰሩን የምታነቡበት ስልክ አይገባም። የደም ስኳር መለኪያው ይገባል፤ ስትሪፑና የጣት መብሻ መርፌውም እንዲሁ በቫት ሪሊፍ ይሸጣሉ። የክብደት ሚዛን አይገባም። ኢንሱሊን የምታስቀምጡበት ትንሽ ፍሪጅ አይገባም። ስኳር ሲወርድ የሚወሰደው ጁስና ከረሜላ አይገባም፤ ተራ የስፖርት ጫማም አይገባም። የኢንሱሊን ፓምፕ ይገባል፤ ለሱ ብቻ ተብለው የተሠሩ መለዋወጫዎቹና ጥገናውም ይገባሉ። ከማንኛውም ሱቅ የሚገዛ ባትሪ ግን አይገባም።

ግራ የሚያጋባ ዕቃ ሲገጥማችሁ፣ ለምሳሌ ካልሲ ነገር፣ ከመግዛታችሁ በፊት ለሻጩ ኢሜይል ጻፉ። ዕቃው ለማን ታስቦ እንደተሠራ የሚያውቁት አምራቹና ሻጩ ናቸው፤ ኃላፊነቱም የነሱ ነው። «ለስኳር ሕሙማን» የሚል ጽሑፍ ማሸጊያው ላይ ስላያችሁ ብቻ እርግጠኛ አትሁኑ።

ፎርሙን ስትሞሉ

ፎርሙ ባብዛኛው አንድ ገጽ ነው። ሻጩ ራሱ ያዘጋጀዋል፤ ኢንተርኔት ላይ ከሆነ ከመክፈያው በፊት በሚመጣ ገጽ ላይ ትሞሉታላችሁ። ስም አለ፣ አድራሻ አለ፣ የዕቃው ዓይነት አለ። ከዚያ «ያለብኝ ሕመም» የሚል ክፍት መስመር ይመጣል። ብዙ ሰው ፎርሙ የሚመለስበት እዚህ ጋ ነው። «ሕመምተኛ ነኝ» ወይም «መድኃኒት እወስዳለሁ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ያ ምንም አይናገርም። «ታይፕ 2 ዳያቢቲስ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ቁልጭ አድርጋችሁ ጻፉት። ቀጥሎ ዕቃው ለግል አገልግሎቴ ነው፣ የቫት ነፃነት እጠይቃለሁ የሚል ዐረፍተ ነገር ተጽፎ ይጠብቃችኋል። ትፈርማላችሁ፤ ቀን ትጽፋላችሁ። አለቀ።

ስሙ የማን ይሁን? ስኳሩ ያለበት ሰው። ልጅ ከሆነ ወላጅ ይፈርምለታል። መፈረም የማይችል አዋቂ ከሆነ ደግሞ የሚንከባከበው ሰው ይፈርምለታል። የኔ ልጅ ፎርም ላይ ከላይ የሱ ስም ነው ያለው፤ ፊርማው የኔ ነው።

አንድ ጥብቅ አደራ አለኝ። አገር ቤት ላለ ዘመድ ስትሪፕ መላክ የተለመደ ነገራችን ነው፤ እኔም እልካለሁ። ግን ለሌላ ሰው የምትልኩትን ዕቃ «ለራሴ መጠቀሚያ» ብላችሁ በራሳችሁ ስም አትፈርሙበት። ፎርሙ ሕጋዊ ማረጋገጫ ነው፤ ሐሰት መፈረም ያስቀጣል። አሥር ፓውንድ ለማትረፍ ብላችሁ ስማችሁን አታስነኩ።

እናቶችን የሚያስፈራቸው ሌላ ነገር ነው። አንዲት እናት ብዕሩን ይዘው ቆም አሉና፣

«ልጄ፣ ይሄን ብፈርም ወረቀቴ ላይ አይመጣብኝም?» አሉኝ። የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ማለታቸው ነው።

«እማማ፣ ይሄ ወረቀት ሆም ኦፊስ አይሄድም። ሻጩ ፋይሉ ውስጥ ያስቀምጠዋል። የታክስ ሰዎች መጥተው ሒሳቡን ሲያዩ ያሳያቸዋል፤ በቃ።»

«አካል ጉዳተኛ ይላልኮ። እኔ እጅ እግሬ ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ስኳሩ ብቻውን ይበቃል እማማ። እርስዎ የሚፈርሙት ስኳር አለብኝ ብለው ነው፤ እሱ ደግሞ እውነት ነው።»

ፈረሙ። የእሳቸው ስጋት የብዙ ሰው ስጋት ስለሆነ በግልጽ ልጻፈው። ቫት ሪሊፍ ቤኔፊት አይደለም። ቪዛችሁ ላይ ፐብሊክ ፈንድ (የመንግሥት ድጎማ) መቀበል አይቻልም ተብሎ የተጻፈባችሁም ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ፎርሙ ለቀጣሪያችሁ አይሄድም፤ መንጃ ፈቃድ ለሚሰጠው ለዲቪኤልኤም አይሄድም። ኢንሱሊን የምትወስዱ ሹፌሮች ለዲቪኤልኤ ራሳችሁ ማሳወቅ አለባችሁ፤ እሱ ግን ለብቻው የቆመ ግዴታ ነው፤ ከዚህ ጋር አይገናኝም።

የት ልግዛ?

ከአምራቹ ድረ ገጽ ወይም የስኳር ዕቃ ብቻ ከሚሸጡ ሱቆች መግዛት ይቀላል። አሠራሩ ተዘጋጅቶላችኋል፤ ሁለት ዋጋ ጎን ለጎን ታያላችሁ፦ አንዱ ከነቫቱ፣ አንዱ ያለ ቫት። ሳጥኑን ምልክት ስታደርጉ ዋጋው እዚያው ይወርዳል። ካልወረደ አትክፈሉ፤ ወደ ኋላ ተመለሱና ፎርሙ መሞላቱን እዩ። አንዳንዱ ሻጭ አንዴ ከሞላችሁ አካውንታችሁ ላይ ያስቀምጠዋል፤ አንዳንዱ ለየትዕዛዙ ይጠይቃል።

ሠፈር ያለ ፋርማሲ ሌላ ነው። አንድ ትልቅ ፋርማሲ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይዋ እንዲህ ያለ ነገር የለም ብላ መልሳኛለች። አልተከራከርኩም፤ ከልጅቷ ጋር መጨቃጨቅ ትርፍ የለውም። ፋርማሲስቱን ጠየቅሁ። እሱ ነገሩን ያውቀዋል፤ ግን የካሸሩ ማሽን ላይ ማድረግ አንችልም አለኝ። እንዲህ ሲሆን ሌላ ሻጭ ጋ ሂዱ። ጊዜያችሁን አታባክኑ።

ቀድማችሁ ሙሉውን ከፍላችሁ ከሆነ ደረሰኙን አትጣሉት። ለሻጩ ጻፉለት፤ ፎርሙን ሞልታችሁ ከደረሰኙ ጋር ላኩና ቫቱን እንዲመልስ ጠይቁት። ሻጩ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ጋር ሒሳቡን የሚያስተካክልበት መንገድ አለው። ደግ ሻጭ ይመልሳል፤ ኤችኤምአርሲ ጋ ግን አትሂዱ፤ ወደ ሻጩ ነው የሚመልሷችሁ።

ከውጭ አገር የምታስመጡም ካላችሁ መብቱ እዚያም ይሠራል። ዕቃው ከመላኩ በፊት አጓጓዡን አነጋግሩ፤ እሽጉ ላይ ለአካል ጉዳተኛ የሚሆን ዕቃ መሆኑና ነፃነት እንደተጠየቀበት መጻፍ አለበት። በእጃችሁ ይዛችሁ የምትገቡ ከሆነ ኤርፖርት ላይ በቀዩ መስመር ውጡና አስመዝግቡ።

መጀመሪያውኑ መግዛት አለባችሁ ወይ?

ይህን ከሁሉ በፊት ብጽፈው ይሻል ነበር ይሆናል፤ ግን ሰው ወደኔ የሚመጣው ልግዛ ብሎ ወስኖ ነው። ከቫት ነፃ ከሆነ ዕቃ ይልቅ በነፃ የሚሰጥ ዕቃ ይሻላል። ከማርች 2022 ጀምሮ ታይፕ 1 ያለባቸው አዋቂዎች ሁሉ ሴንሰር እንዲቀርብላቸው ናይስ የሚባለው የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ይመክራል። ታይፕ 2 ሆናችሁ በቀን ብዙ ጊዜ ኢንሱሊን የምትወጉና ስኳራችሁ እየወረደ የሚያስቸግራችሁም ልትገቡበት ትችላላችሁ። ከኪሳችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ጂፒያችሁን (የተመዘገባችሁበትን የሠፈር ሐኪም) ወይም የስኳር ነርሷን «በፕሪስክሪፕሽን ላገኘው እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስትሪፑንም፣ መርፌውንም፣ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበትን ቢጫ ሣጥንም እንዲሁ ጠይቁ።

ፕሪስክሪፕሽኑስ? ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ ያላችሁ አትከፍሉም። እንግሊዝ ውስጥ ለአንድ መድኃኒት 9 ፓውንድ ከ90 ፔንስ ነው። ዕድሜው 60 የሞላ አይከፍልም። ከዚያ በታች ሆናችሁ ስኳራችሁን በክኒን ወይም በኢንሱሊን የምትቆጣጠሩ ከሆነ ሜዴክስ የሚባል የነፃነት ሰርተፍኬት ይሰጣችኋል። በአመጋገብ ብቻ የሚቆጣጠር ሰው አያገኝም። ማመልከቻው ኤፍፒ92ኤ ይባላል፤ ጂፒው ጋ ይገኛል፤ ሐኪሙ ወይም የክሊኒኩ ሠራተኛ ያረጋግጥላችኋል። ሰርተፍኬቱ የሚሠራው ለስኳር መድኃኒት ብቻ አይደለም። ለሌላ ሕመም የታዘዘላችሁ አንቲባዮቲክ እንኳን በዚያው በነፃ ይወጣል።

ሰርተፍኬቱ እስኪመጣ መድኃኒት መግዛት ካለባችሁ፣ ስትከፍሉ ኤፍፒ57 የሚባለውን ደረሰኝ እዚያው ጠይቁ። በኋላ ተመልሳችሁ ብትጠይቁ አይሰጧችሁም፤ ተራው የካሸር ደረሰኝም አይተካውም። በሱ ገንዘባችሁን በ3 ወር ውስጥ ታስመልሳላችሁ።

ሰርተፍኬቱ የሚቆየው 5 ዓመት ነው። ቤት ከቀየራችሁ አድራሻችሁን አስተካክሉ፤ ማደሻ ማስታወሻው በፖስታ አሮጌው አድራሻ ደርሶ ይቀራል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ፕሪስክሪፕሽኑ ጀርባ ላይ «ነፃ ነኝ» ብሎ የፈረመ ሰው፣ ስኳሩ እውነት ቢሆንም፣ የፕሪስክሪፕሽኑን ክፍያና በላዩ ላይ እስከ 100 ፓውንድ ቅጣት ሊጠየቅ ይችላል። ሰርተፍኬቱን አውጡና ላዩ ላይ ያለውን ቀን ዛሬውኑ እዩት፤ አንድ ወር ከቀረው አዲሱን ማመልከቻ ሙሉ።